የንድፍ ፕሮግራም ለምትመርጡ ባለ ሥራ ቤት ወጣቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። ከጓደኞቿ ጋር ተደራጅታ የብረታ ብረትና የቤት ዕቃ ሥራ ቤት ከፍታለች። «ጋሼ፣ ንድፋችንን በኮምፒውተር መሥራት ልንጀምር ነው፤ ከሁሉ ርካሹ ፕሮግራም የትኛው ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ሁለት ሦስት ስም ጠቅሼላት ተሰናበትን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ለብዙ ዘመን ያልነካሁት ቁጭት ተቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ ሙሉውን መልስ ለእርሷም፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ላላችሁ ሁሉ በጽሑፍ ላደርሰው ወደድሁ።

ከተግባረ እድ እንደ ወጣሁ የተቀጠርኩት በቃሊቲ መንገድ ላይ በነበረ አንድ አነስተኛ የማሽን መሥሪያ ነው። ወፍጮ፣ የሊጥ ማቡኪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእሸት ቡና መፈልፈያ እንሠራ ነበር። ዋናው ንድፍ አውጪያችን ጠጉራቸው መሸበት የጀመረ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። በትሬሲንግ ወረቀት (ብርሃን በሚያሳልፍ የንድፍ ወረቀት) እና በሮትሪንግ የቀለም ብዕር ያደጉ ናቸው። ይህን ዘመን አታውቁትምና ልንገራችሁ፤ መስመር ሲበላሽ ቀለሙ የሚፋቀው በምላጭ ነበር፤ ወረቀቱን ሳይበሱ ለመፋቅ የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። ኮፒው የሚወጣው በአሞኒያ ስለነበር የማተሚያው ክፍል ዓይን ያስለቅሳል። ጋሼ ከዚያ ክፍል ሲወጡ መነጽራቸውን በጋዋናቸው ጫፍ ይወለውሉና የወጣውን ኮፒ ብርሃን ላይ ዘርግተው ከዳር እስከ ዳር ያነቡታል። አንድ ልኬት ከጎደለ ወደ መቁረጫው ክፍል አይወርድም።

በኋላ ኮምፒውተር መጣ። ባለቤቱ ከብዙ ወራት የውጭ ምንዛሪ ጥበቃ በኋላ አንድ ባለ ሦስት አውታር የንድፍ ፕሮግራም ከውጭ ገዛ። ፕሮግራሙ የሚከፈተው ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ፕሪንተር በሚሰካበት ቦታ አውራ ጣት የሚያህል ቁልፍ ሲሰካ ብቻ ነበር። ጋሼ በዚያ ዕድሜያቸው መዝገበ ቃላት አጠገባቸው አስቀምጠው መማሪያውን ገጽ በገጽ አነበቡት። እኛ ወጣቶቹ ገና ስንደናበር እሳቸው የወፍጮውን ዘንግ ስለው ጨርሰው ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሥራ ቤቱን ማሽኖች አንድ በአንድ ወደዚያ ፕሮግራም አስገቧቸው።

ስለ መፈልፈያው ትንሽ ማብራራት አለብኝ። እሸቱ ቡና የሚያልፈው በሚሽከረከር ከበሮና ከፊቱ በተገጠመ ብረት መካከል ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ፍሬው ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ፍሬ ደግሞ በመፍላት ላይ እያለ ይበላሻል። ክፍተቱ ከሰፋ ያልተፈለፈለው እሸት ከተፈለፈለው ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል። ትክክለኛው ልክ እንደ ቡናው ፍሬ መጠን ይለያያል። ጋሼ በለቀማ ወቅት ይርጋጨፌ ድረስ ወርደው፣ ሥራው የሚጧጧፈው ማታ ስለሆነ ከማሽኑ አጠገብ ሌሊት ቆመው፣ የወረደውን ፍሬ በእፍኛቸው እየዘገኑ በባትሪ ብርሃን ይመረምሩ ነበር። ተመልሰው ሲመጡ ንድፉ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ክፋይ ያህል ያስተካክላሉ፤ ከጎኑም ምክንያቱን ይጽፋሉ። የብዙ መኸር ትዝብት በዚያ ፋይል ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር ማለት ነው።

ጋሼ ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ከዚያ በኋላ በአንድ ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩም ቁልፉም አብረው ተቃጠሉ። መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም፤ ፋይሎቹ በሲዲ ተቀድተው በካዝና ተቀምጠው ነበርና። አዲስ ኮምፒውተር ተገዛ፤ ፕሮግራሙ ያለ ቁልፉ አልከፈት አለ። ለአምራቹ ደብዳቤ ተጻፈ። ኩባንያው ለሌላ ተሸጦ ነበር፤ የገዛው ደግሞ ያንን ፕሮግራም ማምረት አቁሟል። ለአሮጌው ቁልፍ ምትክ እንደማይሰጥ፣ አዲሱን ፕሮግራም ግን በቅናሽ መግዛት እንደምንችል በትሕትና መለሱልን። ቅናሹ ከሥራ ቤቱ አቅም በላይ ነበር። ፋይሎቹን በሌላ ፕሮግራም ለመክፈት ብንሞክር የሚያነባቸው አልተገኘም።

በዚያው ዓመት ከይርጋጨፌ አካባቢ የመፈልፈያ ትእዛዝ መጣ። ከቀድሞዎቹ ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን የሚል ነው። ባለቤቱ ቀብድ ተቀበለ። በወረቀት የቀረልን ማሽኑን ተገጣጥሞ የሚያሳየው አጠቃላይ ንድፍ ብቻ ነበር፤ የእያንዳንዱ ክፍል ንድፍ ቀለምና ወረቀት እንዳይባክን ተብሎ ሳይታተም ቀርቷል። ስለዚህ አንዱን አሮጌ ማሽን አስፈትተን በካሊፐር (ጥቃቅን ልክ በሚወስድ መለኪያ) ለካን። እናንተ ባለሙያዎች ችግሩ ወዲያው ይገባችኋል፦ ለዓመታት የሠራ ዘንግ ስትለኩ የምታገኙት ያለቀውን ልክ ነው፤ ንድፍ አውጪው ያሰበው ልክ በካሊፐር አይገኝም። ከበሮውም ተበልቷል፤ ማቀፊያውም ሰፍቷል። ያን ልክ ይዘን አዲስ ማሽን ሠራን። ማሽኑ ፍሬ ቆረጠ። ደንበኛው በለቀማው እኩሌታ መለሰልን፤ ባለቤቱ ቀብዱን ለመመለስ አንዱን የመቅረጫ ማሽን ሸጠ። ሥራ ቤቱ ከዚያ በኋላ ወገቡ አልጠናም። ዛሬ ቦታው መጋዘን ነው።

ገንዘቡ ሊተካ ይችል ነበር። የሚቆጨኝ፣ የአንድ ጠቢብ ሰው ዕውቀት እዚያው ሲዲ ላይ ሙሉ በሙሉ ተቀምጦ ሳለ ማናችንም ልናነበው አለመቻላችን ነው። ከአጠቃላይ ንድፉ በቀር ለአገሪቱ የቡና ማሽን ሥራ የተረፈ የእሳቸው ነገር የለም።

ስለዚህ ልጄ፣ ከዋጋው በፊት ጠይቂ የምልሽ ሌላ ነገር ነው። ይህን ፕሮግራም ነገ ብተወው፣ ኩባንያው ቢዘጋ፣ ክፍያው ቢቋረጥብኝ፣ ሥራዬን ይዤ መውጣት እችላለሁን? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ያለው ፕሮግራም ውድ ቢሆን እንኳ ርካሽ ነው።

መውጫ በሮቹ የታወቁ ናቸው። ለጠፍጣፋ ንድፍ ዲኤክስኤፍ የሚባለው የፋይል ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 አውቶካድ ከተባለው የንድፍ ፕሮግራም የመጀመሪያ እትም ጋር የወጣ ሲሆን፣ ዛሬም የፕላዝማና የሌዘር መቁረጫ ቤቶች በብዛት የሚቀበሉት እርሱን ነው። ለባለ ሦስት አውታር ንድፍ ስቴፕ አለ፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ አይኤስኦ 10303። አንድ ነገር ግን እወቁ፤ ስቴፕ የሚይዘው የዕቃውን ቅርጽ ነው፤ በየትኛው ልኬት ተነሥታችሁ እንዴት እንደ ሠራችሁት አይዝም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተጠናቀቀ ሥራ የፕሮግራሙን የራሱን ፋይል፣ ስቴፑንና ልኬት የተጻፈበትን ፒዲኤፍ አንድ ላይ አስቀምጡ። የክፍሎቹን ንድፍ በወረቀትም አትሙ። ስለ ወረቀት ዋጋ የሚከራከረኝ ሰው ካለ አልሰማውም።

ከዚህ በኋላ ስለ ስሞቹ። የምትሠሩት በር፣ መስኮት፣ አጥርና የደረጃ መደገፊያ ብቻ ከሆነ ሊብሬካድ ይበቃችኋል። ነጻ ነው፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ይሠራል፤ ፋይሉን የሚያስቀምጠው በዲኤክስኤፍ ነው። የኪችን ካቢኔት፣ የታጠፈ ላሜራ ወይም ማሽን የምትሠሩ ከሆነ ፍሪካድን ተማሩ። ፍሪካድ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ሲሠራ ቆይቶ ቁጥር 1.0 የሆነው እትሙ በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ቀደም ሲል አንድ ልኬት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ስትቀይሩ ቀዳዳው ወደ ሌላ ፊት ዘልሎ ይሄድ ነበር፤ በዚህ እትም ያ ችግር በእጅጉ ቀንሷል። ለላሜራ ሥራ የሚጨመርበት ክፍል አለ፤ የታጠፈውን ዘርግቶ ለመቁረጫው በዲኤክስኤፍ ያወጣላችኋል። ኢንተርኔት አይፈልግም። ሲማሩት ያስቸግራል፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያናድዳሉ። ቢሆንም እኔ ለትንሽ ሥራ ቤት ከእርሱ የተሻለ አላየሁም።

«ነጻ» የሚለውን ቃል ሁሉ ግን በአንድ ዓይን አትዩት። ፊውዥን ለግል ጥቅም በነጻ ይሰጣል፤ ለንግድ ግን አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ሊታረሙ የሚችሉትን ንድፎችም በ10 ይገድባል። ኦንሼፕ በነጻ ስትጠቀሙበት ንድፋችሁን ማንም ያየዋል፤ እርሱም ለንግድ አልተፈቀደም። አናጺዎች የሚወዱት ስኬችአፕ በኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ነጻ እትም ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ አላደሰም። ድራፍትሳይት ደግሞ ለዓመታት በነጻ ሲሠራ ቆይቶ በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነጻው እትም ሥራ እንዲያቆም ተደርጓል። በእርሱ ላይ የተደገፉ ብዙ ትንንሽ ቢሮዎች በአንድ ጊዜ ወይ ክፈሉ ወይ ልቀቁ ተባሉ። ኩባንያዎቹ የራሳቸውን ንብረት ማስከፈላቸው መብታቸው ነው፤ እኔ የምለው እናንተ ይህን አውቃችሁ ግቡ ነው።

በኪራይ የሚሰጡትን ፕሮግራሞች በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ራቋቸው። የአውቶካድ ባለቤት የሆነው አውቶዴስክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የዘላለም ፈቃድ መሸጥ አቁሞ ወደ ዓመታዊና ወርሃዊ ክፍያ ዞሯል። ክፍያው በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ኩባንያው ዋጋውን አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በናንተ ደብተር ላይ ወጪው እጥፍ ሊሆን ቀረበ ማለት ነው። ክፍያውን ወደ ውጭ ማስተላለፉ ራሱ ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ከአማካሪ መሐንዲሶች ጋር በየቀኑ ዲደብሊውጂ የሚባለውን የአውቶካድ የራሱን ፋይል የምትለዋወጡ ከሆነ ሊብሬካድ አያወጣችሁም፤ ያን ፋይል በሚገባ አያነብም፤ ጽሑፉና ልኬቱ ይዛባል። ያን ጊዜ ብሪክስካድን የመሰለ፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያዝ ፕሮግራም ፈልጉ፤ ሥራው የሚጠይቅ ከሆነም አውቶካድን ተከራዩ። እኔም ራሴ ለአንዱ በየዓመቱ እከፍላለሁ፤ ደንበኞቼ ስለሚጠይቁኝ። ራቁ ያልኩት ደግሞ ከልቤ ነው።

ስለ ክራክ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ ስለሚሠራ ፕሮግራም፣ ምንም ሳልል ባልፍ ደስ ባለኝ። በአገራችን ብዙ ሰው ሙያውን የተማረው ከመርካቶ በተገዛ ሲዲ ነው፤ ይህን ክዶ የሚናገር የሙያ ባልደረባዬ አይኖርም። የትውልዴን ሰዎች አልኮንንም። ለንግድ ሥራ ግን አይሆንም። የኮምፒውተር ፕሮግራም ስለ ቅጂ መብት በወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የተደረገለት ሥራ ነው፤ ሥራ ቤታችሁ አድጎ ጨረታ ሲገባ ወይም ከውጭ ደንበኛ ሲያገኝ መጠየቅ ይመጣል። ያኔ ሌላ አማራጭ አልነበረንም። ዛሬ ፍሪካድ እያለ ሰው ለምን የሌላውን ንብረት ያለ ፈቃድ እንደሚወስድ አይገባኝም።

በናንተ ዘመን የሚያስቀናኝ ነገር አለ፤ እኛ ለዓመታት የለፋንበትን ከቪዲዮ በሳምንት ትማራላችሁ። የማይዋጥልኝም አለ። በቀለም ያሸበረቀ ምስል ታመጡልኛላችሁ፤ ጥላው፣ ነጸብራቁ ሁሉ አለ፤ የላሜራው ውፍረት ስንት እንደሆነ ግን የተጻፈበት ቦታ የለም። በያጁ እጅ ሲደርስ ምስሉ ምን ያደርግለታል? ንድፉ ላይ የሠራው ሰው ስም፣ ቀኑ፣ የስንተኛ ጊዜ ማሻሻያ እንደሆነ መጻፍ አለበት። ፋይሉን «የመጨረሻ»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ ሁለት» ብላችሁ አትሰይሙ። ጋሼ በምላጭ ሲፍቁ እንኳ የለወጡትን ልኬትና ምክንያቱን ከጠርዙ ላይ ይጽፉ ነበር።

ምርጫውን በወሬ አትጨርሱት። ከእውነተኛ ሥራችሁ አንዱን፣ ለምሳሌ አንድ መሳቢያ ወይም አንድ የላሜራ ሳጥን ውሰዱ። ያሰባችሁትን ፕሮግራም ተጠቅማችሁ ሳሉት፤ ከዚያ ቁመቱን በ40 ሚሊ ሜትር ቀይሩና ቀሪው ተከትሎ መስተካከሉን እዩ። በዲኤክስኤፍ አውጥታችሁ መቁረጫ ቤት ውሰዱት። ቆራጩ ፋይሉን ሲከፍት ከጎኑ ቁሙና የውጪውን ጎን እንዲለካላችሁ ጠይቁት። 25.4 ጊዜ ተልቆ ወይም አንሶ ከታየ ኢንችና ሚሊ ሜትር ተምታተዋል፤ ስታወጡ መለኪያውን አስተካክሉ። ክቡ ቀዳዳ በትንንሽ ቀጥታ መስመሮች ተሰባብሮ ከታየም የማውጫውን ምርጫ ቀይራችሁ ድገሙት። ሳጥኑ ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ ማዕዘኑ ከገጠመ በኋላ ያን ፋይል በሌላ ፕሮግራም ክፈቱት። እዚያም በትክክል ከተከፈተ ፕሮግራሙን ያዙትና ሥራችሁን ጀምሩ።