«ገመናዬን ለማላውቀው ሰው ላውራ?»

ጥያቄ፦ ጎንደር ነው የምኖረው። የዛሬ አምስት ወር፣ የመጀመሪያ ልጄ በዘጠነኛ ወሩ ሆዴ ውስጥ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጡቴ ወተት ሞላ፤ የሚጠባ ግን የለም። ጎረቤቱ ሁሉ «ገና ወጣት ነሽ፣ ትወልጃለሽ» እያለኝ ሄደ። ባለቤቴ ስለ ልጁ አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። ልብሶቹን ከቁም ሳጥን ሳወጣ ካየኝ ከቤት ይወጣል። እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብ አይበላልኝም፣ ሥራም ትቻለሁ። ሆስፒታል ስሄድ ሐኪሟ የቡድን ሕክምና እንድጀምር ነገረችኝ። ባለቤቴ ሲሰማ «ገመናችንን አደባባይ ልታወጪው ነው?» ብሎ ተቆጣ። አማቴ ደግሞ ፀበል ይሻላታል ይላሉ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ያጽናሽ። ልጅ ነው የሞተብሽ። ይህን በቀጥታ ያለሽ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም።

መልሴ አጭር ነው፤ ወደ ቡድን ሕክምናው ሂጂ። ለምን እንደምልሽ ግን ትንሽ ላስረዳሽ።

እኛ ጋ ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ። ድንኳን ይጣላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዘመድ አብሮሽ ያድራል። እንባ እንቢ ቢልሽ እንኳ ያስለቅሱሻል። ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው እያለ ሐዘኑ ቀስ በቀስ ይወጣል። ክርስትና ሳይነሣ፣ ስም ሳይወጣለት ለሄደ ልጅ ግን ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ አይደረግም። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ምን እንደሚደረግ ስለማያውቅ ነው። ገንፎ ሊበላ የሚመጣ የለ፣ ልቅሶ ሊደርስ የሚመጣም የለ። እናቲቱ መሀል ላይ ብቻዋን ትቀራለች። «ትወልጃለሽ» የሚሉሽም ሊያጽናኑሽ ብለው ነው። ግን አንቺ የምታለቅሺው ወደፊት ለምትወልጂው ሳይሆን ለዚህኛው ነው።

የቡድን ሕክምና ይህን ያጣሽውን ነገር በሌላ መልክ ይሰጥሻል። ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥር የሚሆኑ ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ቀን ዝምታ ይበዛል። ወንበሩ ክብ ተደርድሮ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ከዚያ አንዷ እንደምንም ትጀምራለች፤ «እኔ እርጉዝ ሴት ሳይ መንገድ እቀይራለሁ» ትላለች። አንቺም ትደነግጫለሽ፣ ምክንያቱም አንቺም እንደዚያ ታደርጊ ይሆናል፣ ግን ምቀኛ የሆንሽ መስሎሽ ለነፍስ አባትሽም አልተናገርሽው ይሆናል። «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» የምትይባት ያች ቅጽበት፣ እኔ ለብቻሽ አስቀምጬ ለወራት ባወራሽ የማላመጣልሽ ነገር ናት። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ አዲስ የመጣች አንዲት እናት ስታለቅስ አንቺ ራስሽ የምትያት ነገር ይኖርሻል። ሰው ከሚድንባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፤ ለሌላ ሰው መትረፍ።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ2002 እንደ ፈረንጆቹ በደቡብ ኡጋንዳ፣ ራካይና ማሳካ በሚባሉ አካባቢዎች በ30 መንደሮች ጥናት ተደርጎ ነበር። በድብርት የተያዙ ሰዎች ለ16 ሳምንት፣ በሳምንት 90 ደቂቃ በቡድን ተቀመጡ። መሪዎቹ የሠለጠኑ ያገሬው ሰዎች ነበሩ፤ ሴቶቹ ለብቻ፣ ወንዶቹ ለብቻ። ሲጀምሩ 86 በመቶዎቹ ከባድ ድብርት ነበረባቸው፤ ሲጨርሱ 6.5 በመቶ ብቻ። ቡድን ያልገቡት መንደሮች ላይ ግን ከ94 የወረደው ወደ 54.7 በመቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 እንደ ፈረንጆቹ በስምንት ሳምንት የሚያልቅ የዚሁ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። እዚያ ውስጥ ለድብርት መነሻ ተብለው ከሚታዩት አራት ነገሮች አንዱ ሐዘን ነው።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ፍርሃቱን አልንቀውም። ጎንደር እንደሆነ ማራኪ ሰፈር የተወራ አራዳ ሳይደርስ አያድርም፣ ሰው ከሰው ይተዋወቃል። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ባለሙያዋን ለብቻሽ አግኝተሽ ጠይቂያት። ስንት ሰው ነው? መሀል ላይ አዲስ ሰው ይገባል? ዘመድ ወይም ጎረቤት ቢኖርስ? ቅዳሜ ገበያ ላይ ብንገናኝ እንዴት ነው የምንሆነው? ደህና ቡድን ይህን ሁሉ ገና ሲጀምር ይነጋገርበታል፤ እዚያ የተባለ እዚያው እንዲቀር ሁሉም ቃል ይገባል። መቶ በመቶ ዋስትና ማንም አይሰጥሽም፣ ያን ልዋሽሽ አልፈልግም። ግን ምን እንደምትናገሪ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። የትዳራችሁን ነገር ሳታነሺ ስለ ልጅሽ ብቻ ማውራት ትችያለሽ።

ለሱም ይህንኑ ንገሪው። «ስላንተ ላወራ አይደለም የምሄደው፣ ልጃችንን ላለቅሰው ነው» በይው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘው ሰው ሁሉ «እሷስ እንዴት ናት?» ነው የሚለው። «አንተስ?» ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። እሱም አባት ነበር። ልብሱን ስታወጪ የሚወጣው ስለማይሰማው ሳይሆን ስለማይችለው ሊሆን ይችላል። እስቲ አንድ ማታ፣ ሳትከራከሪ፣ «አንተስ እንዴት ሆነህ ነው?» በይው። ባይመልስልሽም ቅር አይበልሽ፣ መጠየቁ ራሱ ይገባዋል።

ፀበሉን በተመለከተ አማትሽን አትጋፊያቸው። እምነትሽ ከሆነ ሂጂ፣ ሕክምናውንም ሂጂ። ሐኪሟ መድኃኒት ሰጥታሽ ከሆነ ግን ሳትነግሪያት እንዳታቋርጪው።

አንድ ነገር ግን አደራ። መሞት መሞት የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ወይም ራስሽን መጉዳት ካሰኘሽ የቡድኑን ቀን አትጠብቂ። ያኔውኑ ለምታምኚው ሰው ተናግረሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሕክምና አለው። ሌሊትም ቢሆን አትፈሪ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ደግሞ ቤት ስትገቢ ብሶብሽ ሊታይሽ ይችላል፤ የታፈነ ነገር ሲከፈት እንደዚያ ነው። «አይሆነኝም» ብለሽ በመጀመሪያው ቀን አትቅሪ። አራት ሳምንት ሂጂና ያኔ እንዴት እንደሆንሽ ጻፊልኝ። ባለቤትሽም መጻፍ ከፈለገ ለብቻው ይጻፍልኝ፣ እመልስለታለሁ።