ጥቁሩን አፈር ከማረሳችሁ በፊት ቆፍራችሁ እዩት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። ከደሴ በላይ፣ በጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ ወደ ቦርከና ወንዝ ዞሮ የተኛ የወል ግጦሽ ለ12 ወጣቶች ተሰጥቷችኋል። ታቹ ጥቁር፣ ወገቡ ቡናማ፣ አናቱ ድንጋያማ ነው። ጥቁሩ ለም ስለሚመስል እሱን አርሳችሁ ቀሪውን ለማድለቢያ በሬዎች ልትለቁት አስባችኋል። እኔ በደሴ ዙሪያና በአልብኮ ወረዳ በተፈጥሮ ሀብት ሥራ 18 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ይህን ሐሳብ ገልብጡት እላለሁ። ጥቁሩ ሣር ሆኖ ይቆይ፣ ከቡናማው ለጥ ያለውን እረሱ፣ አናቱን ከከብት ከልሉት።

ምክንያቴን ከመስማትህ በፊት ግን ዶማ ያዙ። ዝናብ በጣለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከታች ወደ ላይ በአንድ መስመር አምስት ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ይድረስ። ዶማው የት ላይ ድንጋይ እንደነካ ጻፉ። ከየጉድጓዱ እፍኝ አፈር ወስዳችሁ በውኃ አሹትና በመዳፋችሁ መካከል አንከባሉት። እንደ ፈትል ቀጥኖ ካልተበጠሰ ሸክላ የበዛበት ነው፤ ከተፈረፈረ አሸዋ ይበዛበታል። በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አመድማ ቀለም፣ በመካከሉም የዝገት ነጠብጣብ ካያችሁ ውኃ እዚያ ከርሞ ይቆማል ማለት ነው። ከላይ ያለው ቀለም ይህን አይነግራችሁም።

ታች ያለው ጥቁር ዋልካ ይመስለኛል። ዋልካ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጥና ውኃውን ይዞ አይለቅም። የእናንተው ደግሞ ከተራራው ግርጌ ስለሆነ የላዩን ጎርፍ ሁሉ ይቀበላል። ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ጎድጓዳ ሜዳ አሳርሼ አልፋልፋ የተባለውን የመኖ ተክል አዘራሁበት። መሬቱን የሚያውቁት አባወራ ውኃ ይተኛበታል ብለው ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም። በበልጉ አምሮ በቀለ። በነሐሴ አጋማሽ ቅጠሉ ሲገረጣ አንዱን ነቀልሁት፤ ሥሩ ጠቁሮ፣ ልጣጩ በጣቶቼ መካከል ተንሸራትቶ ወጣ፤ የረጋ ውኃ ሽታም ነበረው። ከዚያ አሥር እርምጃ ሳይርቅ፣ ማረሻ ባልነካው ሣር ላይ ማገጡ (የከብት መኖ የሚሆነው የዱር ተክል) አብቦ፣ ጋጃ የሚባለው ሣር እስከ ጉልበት ደርሶ ነበር። ያ የሣር ምንጣፍ አንዴ ከተገለበጠ ቶሎ አይመለስም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ጥቁሩን ከሰኔ እስከ መስከረም ለከብት ዝጉት። በረጠበ ዋልካ ላይ የሚረግጥ ኮቴ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፣ ሣሩንም ከነሥሩ ይቀብረዋል። ጋጃው ሲያብብ አጭዳችሁ ድርቆሽ ከምሩ። ከብቶቹ የሚገቡት መሬቱ ሲጠነክር ነው።

ቡናማው ላይ የሚወስነው ጥልቀቱና ተዳፋትነቱ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣውና በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ የተተካው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስ፣ ልቅ ግጦሽም እንዳይገባበት ይከለክል ነበር፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይ ዓመታዊ ሰብል ይፈቀድ የነበረው የጠረጴዛ እርከን፣ ማለትም ተዳፋቱን እንደ ደረጃ ለጥ የሚያደርግ እርከን፣ ከተሠራ ብቻ ነው። ሕጉን ወደ ጎን ብታደርጉት እንኳ ተራራው ያስከፍላችኋል። ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። 2 ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት አንዱን ጫፍ መሬት አስነክታችሁ ወደ ቁልቁለቱ ዘርጉት። በላዩ ላይ እስከ ግማሽ ውኃ ያለው ጠርሙስ አስተኝታችሁ ውኃው እስኪስተካከል ሌላውን ጫፍ አንሱ። ያ ጫፍ ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ከራቀ 60 በመቶ ነው፤ 62 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 31 በመቶ። ጉድጓዱ ድንጋይ ሳይነካ ጉልበት ከደረሰና ተዳፋቱ ዝቅተኛ ከሆነ ገብስና ባቄላ እያፈራረቃችሁ ዝሩ፤ በእርከኑ ጠርዝ ደሾ ሣርና ትሪ ሉሰርን የተባለውን የመኖ ዛፍ ትከሉ። ትሪ ሉሰርንን ግን ወደ ዋልካው አታውርዱት፤ ውኃ የሚተኛበትን ቦታ አይወድም።

አናቱ ጭንጫ ነው። ከስንዝር ያነሰ አፈር ካላችሁ እሱን ማጣት ሁሉንም ማጣት ነው፤ ከዚያ የተነሳው ደለል በዶሮ መዝለያ ሸለቆ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል እንጂ አይመለስላችሁም። ከከለላችሁት ሣሩ ራሱ ይመጣል፣ በማጭድ እያጨዳችሁ ትሸከማላችሁ። ባህር ዛፍ እንተክላለን የምትሉ ከሆነ ከምንጭ አርቁት። አንድ ቀን ደግሞ ተሰብስባችሁ ማይባር ብትሄዱ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር የተጀመረበት ተፋሰስ ነው፤ እንደ እናንተው ያለ ተዳፋት መሬት በእርከን ምን እንደሚመስል በዓይናችሁ ታያላችሁ።

የበሬውን ቁጥር በመጨረሻ ወስኑ። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ለ90 ቀን ማድለቢያ 5 ኩንታል ከ40 ኪሎ ያህል ማለት ነው፤ የምትጨምሩለት ፋጉሎና ፉርሽካ ከዚህ ላይ ይቀነሳል። የመጀመሪያውን ዓመት ድርቆሽ መዝኑ፣ ከዚያ ገበያ ውጡ። ብዙ ማኅበራት በሬውን ቀድመው ገዝተው በጥር ወር መኖ ሲያልቅ የከለሉትን አናት ሲከፍቱ አይቻለሁ።

ጉድጓዶቹን ስትቆፍሩ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ከሁሉ በፊት የታችኛውን።