መድኃኒቱ ነቅቶ ለምን አይመጣም?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ የደም ካንሰር ይዞት አዲስ አበባ ተኝቷል። ሳይታራቢን የሚባል መድኃኒት በጉሉኮስ መስመር ሌት ተቀን ለ7 ቀን ይሰጠዋል። ሐኪሙ «ሲገባ ገና አልነቃም፤ የሚያነቃው የራሱ ሴል ነው» አሉኝ። እኔ ጋራዥ ነው የምሠራው። መኪና ገጥሜ እንጂ በትኜ ለደንበኛ አልሰጥም። ፋብሪካው ለምን አንቅቶ አይልክልንም?
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፈጣሪ ይማርልዎ። ድሬ ላይ ብዙ ዓመት መድኃኒት ስሸጥ «እንዴት ነው የሚሠራው?» ያለኝ ሰው በጣት ይቆጠራል።

ነቅቶ ቢመጣ ሴሉ ውስጥ አይገባም። አልጋም ቢሆን በትነው አይደል በጠባብ በር የሚያስገቡት? መድኃኒቱ ነቃ የሚባለው ሦስት ፎስፌት (ፎስፈረስና ኦክስጅን ያለበት ትንሽ ቁራጭ) ሲለጠፍበት ነው። ያኔ ሴሉ ለመባዛት ዲኤንኤውን፣ ማለትም እንደ ፊደል በተደረደሩ ቁራጮች የተጻፈ መመሪያውን፣ ሲገለብጥ ደህና ፊደል መስሎ ይሰካና ግልበጣውን ያስቆመዋል። ችግሩ ፎስፌት የኤሌክትሪክ ቻርጅ አለው። የሴል ሽፋን ደግሞ ቅባት ነው፤ ቻርጅ ያለው ነገር እንዲሁ አያሳልፍም።

ጨውም ቻርጅ ካላቸው ነገሮች የተሠራ ነው። ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ ማታ ብርጭቆ ውስጥ ዘይት ቀድቼ አንድ ቁንጥር ጨው ጣልኩበት። ጠዋት ሳየው እንዳለ ከታች ቁጭ ብሏል። የድሬ ሙቀት ዘይቱን ውኃ ቢያስመስለውም አላሟሟውም። (ልጄ «እማዬ፣ ዘይት እኮ ተወዷል» ብላ ተቆጣችኝ።)

ያልነቃው ሳይታራቢን ግን መግቢያ አለው። ሽፋኑ ላይ ኤንት-1 የሚባል በር መሳይ ፕሮቲን ያስገባዋል። ውስጥ ዲኦክሲሳይቲዲን ካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም (የሴሉን የኬሚካል ሥራ የሚያቀላጥፍ ፕሮቲን) ይጠብቀውና የመጀመሪያውን ፎስፌት ይለጥፍበታል። ከዚያ ወዲያ ሽፋኑን አልፎ መውጣት የለም። የቀሩትን ሁለቱን ሌሎች ኢንዛይሞች ይጨምራሉ፤ ወሳኙ ግን የመጀመሪያው ነው። ይህን ኢንዛይም የጣለ የካንሰር ሴል መድኃኒቱ ቢገባበትም ምንም አይሆንም። በሽታው መድኃኒቱን ከሚለምድባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

7 ቀን ሙሉ የሚንጠባጠበው ለምንድን ነው? ሳይቲዲን ዲአሚኔዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ጉበትም ውስጥ ሌላም ቦታ አለ፤ መድኃኒቱን ቶሎ ወደማይሠራ ነገር ይለውጠዋል። አንድ ጊዜ ወግተው ቢተዉት ከደም ውስጥ በሰዓታት ይጠፋል። ደግሞ የሚይዘው ዲኤንኤ በመገልበጥ ላይ ያለን ሴል ነው፤ ሁሉም ሴል ባንድ ሰዓት አይገለብጥም። የዛሬው ቢያመልጥ የነገው እንዲያዝ መንጠባጠቡ አይቋረጥም። በነገራችን ላይ፣ የመድኃኒቱ ሐሳብ የመነጨው ከካሪቢያን ባሕር ስፖንጅ ነው፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከስፖንጁ የወጡ ተመሳሳይ ነገሮች ናቸው መንገዱን ያሳዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ካይኔዙ ጤነኛው መቅኔ ውስጥም አለ። ስለዚህ የወንድምዎ ነጭ የደም ሴል መውረዱ አይቀርም፤ ያኔ ትንሽ ኢንፌክሽንም ያሰጋዋል። አብሮት ለሚያድረው ሰው ይደውሉለት፦ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን፣ ነርሷን ይጥራ። እስኪነጋ አይጠብቅ።