ጥያቄና መልስ፦ በግንቦት ስንቱ ቆሟል?

ከሐዋሳ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፦ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ኮምፖስት ውስጥ ይገባል ወይ?

ይገባል። ከትፈሽ ጨምሪው።

ከደብረ ብርሃን፣ የባዮሎጂ መምህር፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ሁለት መቶ ችግኝ ይተክላል፤ በዓመቱ የሚገኘው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ጥፋቱ የተማሪዎቹ ነው ወይስ የአፈሩ?

መምህር፣ የሁለቱም አይደለም። ዝናቡ የሚመጣው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ተማሪዎችዎ መስከረም ላይ ሲመለሱ ችግኙን አረም ውጦታል፤ ከኅዳር ጀምሮ ደግሞ የእናንተ አገር ውርጭ ይመጣል፤ ቀጥሎ ደረቁ በጋ። ያን ጊዜ የሚጎበኘው የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄዬ አንድ ሆኗል፦ በግንቦት ስንቱ ቆሟል?

ስለዚህ ሁለት መቶውን ይተዉት። አርባ ይበቃል፤ ለአንድ ተማሪ አንድ ችግኝ። ጉድጓዱን ልጆቹ ሳይበተኑ ያስቆፍሩ። ከፍታችሁ ለሐበሻ ጥድ፣ ለወይራና ለኮሶ ይስማማል። ሲተከል ፕላስቲኩ መውለቁን በዓይንዎ ይዩ፤ አንድ ጊዜ የደረቀ የጥድ ችግኝ ነቅዬ ሳይ ጥቁሩ ፕላስቲክ እንዳለ ነበር፣ ሥሩም መውጫ አጥቶ ውስጡ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሏል። በበጋ የችግኙን ዙሪያ በደረቅ ሣር አልብሱት፤ ታቹ በመርፌ የተበሳ ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አጠገቡ ቀብራችሁ በሳምንት ሁለቴ ሙሉት። ተማሪው በየወሩ ቁመቱን በማስመሪያ ለክቶ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ማርኩም በግንቦት ይሰጥ። ችግኙ የሞተበት ልጅ ለምን እንደሞተ መርምሮ ከጻፈ፣ እሱም ማርክ ይገባዋል።

ከአንድ እናት፦ ልጄን የላክሁት ለትምህርት እንጂ ለቁፋሮ አይደለም።

እህቴ፣ ቁፋሮውም ትምህርት ነው። ልጅዎ ስለ ናይትሮጅን ከመጽሐፍ ያነበበውን፣ ባቄላ ነቅሎ ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች ሲያይ ያገኘዋል። በጥፍሩ ሲሰነጥቃቸው ውስጣቸው ቀላ ያለ ከሆነ፣ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ የሚሰጡት ባክቴሪያዎች ሥራ ላይ ናቸው። ይህን ጥቁር ሰሌዳ አያሳይም።

ጎመናችንን ክሽክሽ ወረረው ላላችሁ፦ የቅጠሉን ጀርባ በሳሙና ውሃ እጠቡት። ካልለቀቀ የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ከአዲስ አበባ፣ የክበብ ተጠሪ፦ ጓሯችን አቃቂ ወንዝ ዳር ነው። ቆስጣና ሰላጣውን በወንዙ ውሃ አልምተን ለመምህራን እንሸጣለን። ታጥቦ ከተበላ ምን ችግር አለው?

ችግር አለው፤ ዛሬውኑ አቁሙ። ወንዙ የቆዳና የሌሎች ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል። እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን ተክሉ በሥሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚያከማች፣ ውሃም ሆነ ኮምጣጤ አያወጣቸውም። ይህ በእኔ መልስ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ውሃውም አፈሩም ላቦራቶሪ ሳይመረመር አንድ ቅጠል እንዳትሸጡ። ርእሰ መምህራችሁ ምርመራውን በደብዳቤ ይጠይቁ፤ ቢዘገይ ደግማችሁ ሂዱ፣ ሦስተኛም ሂዱ። እስከዚያው ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል አጠራቅማችሁ አበባና የዛፍ ችግኝ አልሙበት።