1432 ኢትዮጵያ፦ በስማችን ስለምትጠራው አስትሮይድ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው ቀበቶ ውስጥ «ኢትዮጵያ» የምትባል አስትሮይድ (ፀሐይን የምትዞር ትንሽ ዓለታማ አካል) አለች ካልኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር፦ የአስትሮይድ ስም አይሸጥም። ክፈሉ የሚላችሁ ካለ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጡ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ማን አገኛት?

መልስ፦ ሲሪል ጃክሰን። እንግሊዝ ተወልዶ ደቡብ አፍሪካ የሠራ ሰው ነው። ያገኛት ጆሃንስበርግ በሚገኘው ዩኒየን ኦብዘርቫቶሪ በተባለው የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1937፣ በኛ ሐምሌ 25 ቀን 1929 ነው።

ጥያቄ፦ ምድርን ትመታለች?

መልስ፦ አትመታም። ለፀሐይ በጣም ስትቀርብ እንኳ ከፀሐይ ያላት ርቀት ምድር ከፀሐይ ያላትን ርቀት 1.8 እጥፍ ነው። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ «1937 ፒጂ» የሚል ስም አየሁ። ሌላ አስትሮይድ ነች?

መልስ፦ እሷው ናት። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። አንድ አስትሮይድ እንደታየች የሚሰጣት ጊዜያዊ መለያ ነው። ዓመቱ በየግማሽ ወሩ ይከፈልና እያንዳንዱ ግማሽ የላቲን ፊደል ይሰጠዋል። ኤ የጃንዋሪ የመጀመሪያ ግማሽ፣ ቢ ሁለተኛው ግማሽ፣ እያለ ይሄዳል። አይ የሚባለው ፊደል ይዘለላል። በጣታችሁ ቁጠሩ፦ ፒ 15ኛ ላይ ትውላለች፤ የኦገስት የመጀመሪያ ግማሽ ማለት ነው። ጂ ደግሞ ሰባተኛ ፊደል ናት፤ በዚያ ግማሽ ወር ሰባተኛዋ ግኝት። ሁለት ፊደል ይህን ሁሉ ይነግራችኋል።

1432 የሚለው ቁጥር የሚመጣው ምሕዋሯ (ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ) ተሰልቶ ሲረጋገጥ ነው። ስም ከቁጥር በኋላ ነው። ይህን ያዙልኝ፦ ምሕዋር ከሌለ ቁጥር የለም፣ ቁጥር ከሌለ ስም የለም። አንድ ሌሊት ማየት ብቻውን ዋጋ የለውም። ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፒያዚ እ.ኤ.አ. በ1801 የመጀመሪያዋን አስትሮይድ ሴሬስን አግኝቶ 41 ቀን ተከታተላት፤ ከዚያ በፀሐይ ብርሃን ተሸፍና ጠፋች። ወጣቱ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በዚያች አጭር መረጃ ምሕዋሯን አስልቶ የት እንደምትገኝ ባይናገር ኖሮ ማን ያገኛት ነበር?

አንድ አባል፦ እ.ኤ.አ. በ1937 እኮ አርበኞቻችን ጫካ ነበሩ። ስሙ ለነሱ ክብር ነው!

ሌላ አባል፦ ታዲያ 1430 ሶማሊያስ? እሷም የጃክሰን ናት።

የመጀመሪያው፦ አጋጣሚ ነው ልትለኝ ነው?

መልስ፦ ተረጋጉ። ቁጥሮቹን በተራ እዩ፦ 1428 ሞምባሳ፣ 1429 ፔምባ፣ 1430 ሶማሊያ፣ 1431 ሉዋንዳ፣ 1432 ኢትዮጵያ። ሰውየው የአፍሪካን ስሞች ሰማይ ላይ እየደረደረ ነበር። የአርበኞች ክብር የማንም አስትሮይድ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ «አቦል» የሚባለውም አስትሮይድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። አቦል «ቡና» በተባለችው ኮከብ ዙሪያ የምትዞር ፕላኔት ናት። ስሞቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ከኢትዮጵያ የተመረጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ በልጄ ስም ለማስሰየም ስንት ይከፈላል?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ፤ አንብቡ እንጂ! አይሸጥም። ስም የሚያቀርበው ያገኛት ሰው ነው፤ የሚያጸድቀው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ነው። ከ16 ፊደል መብለጥ የለበትም።

ጥያቄ፦ ስለ ምሕዋሯ ይንገሩን።

መልስ፦ ምኑን? ደህና፤ ፀሐይን አንዴ ለመዞር 3 ዓመት ከ8 ወር ይፈጅባታል። መንገዷ ሞላላ ነው። ስትቀርብ ከፀሐይ 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስትርቅ ወደ 440 ሚሊዮን ትሆናለች።

ጥያቄ፦ እኛስ ልናያት እንችላለን?

መልስ፦ በዓይን አትታይም፤ ባይኖኩላርም አይበቃም። ካሜራ የተገጠመለት ደህና ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። በየ16 ወር ተኩል ገደማ ከፀሐይ ተቃራኒ ትሆናለች፤ ያኔ ነው መሞከር። የአስትሮይዶችን መረጃ የሚሰበስበው የማይነር ፕላኔት ሴንተር ስሌት የት እንዳለች ይነግራችኋል። ያንኑ የሰማይ ክፍል ፎቶ አንሱ። ሻያችሁን ጠጡ፣ አንድ ሰዓት ቆዩና ድገሙ። ሁለቱን ፎቶ እያፈራረቃችሁ እዩ። ከዋክብቱ ባሉበት ይቆማሉ። አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች። እሷ ናት።