በ250 ዶላር ጥሩ የፍላይ ዘንግ ስለ መምረጥ፦ ከኦሮራ ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

በኮሎራዶ ኦሮራ የሚኖሩ አንድ አንባቢ ችግራቸውን ጽፈውልኛል። ከሁለት ዓመት በፊት ዘንግ፣ ሪል (የገመድ መጠቅለያ) እና ገመድ አንድ ላይ ታሽጎ የሚሸጥ ዕቃ በ90 ዶላር ገዝተው በክሊር ክሪክና በሳውዝ ፕላት ወንዝ ዴከርስ አካባቢ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ጀምረዋል። ነገር ግን ገመዱ ከስምንት ሜትር በላይ አልሄድ እያለ ፊታቸው ይከመራል፤ የዘንጉ ጫፍም ሁለት ጊዜ በውርወራ መሃል ተነቅሎ ውኃ ውስጥ ገብቷል። ምክር ፍለጋ የሄዱበት ሱቅ ከ1,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ዘንግ አሳያቸው። እርሳቸው ለሁሉም ነገር የመደቡት ከ250 ዶላር አይበልጥም፤ በሚመጣው ዓመት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሀገር ቤት ሲሄዱም ዘንጉን ወደ ባሌ ሊወስዱት ያስባሉ። «የቱን ልግዛ?» ነው ጥያቄያቸው።

ዘንግ በመሥራትና የተሰበረውን በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። ስለዚህ ወደ ግዢው ከመግባታችን በፊት እጅዎ ላይ ያለውን ዘንግ እንድንመረምር እለምንዎታለሁ፤ ምክንያቱም የገለጹልኝ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ አንደኛው ጨርሶ ከዘንጉ ላይመጣ ይችላል።

በፍላይ አጠማመድ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ ዝንብ ሲጠመድ፣ የሚወረወረው መንጠቆው አይደለም። በላባና በክር የተሠራችው ዝንብ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል፤ እጃችን የሚወረውረው ወፍራሙን ሽፍን ክር፣ ማለትም እዚህ ገመድ የምለውን ነው። ዘንጉ የሚጎብጠው በገመዱ ክብደት ነው፤ ጎብጦ ሲቃና ነው ገመዱን የሚልከው። ዘንግዎ ላይ የተጻፈው «5» የሚለው ቁጥር የሚነግረን የዘንጉን ጥንካሬ ሳይሆን ዘንጉ የተሠራለትን የገመድ ክብደት ነው። በአሜሪካ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ አምራቾች ልክ መሠረት ባለ 5 ቁጥር ገመድ የመጀመሪያው 30 ጫማ፣ ማለትም 9.14 ሜትር ያህሉ፣ 140 ግሬን ወይም 9.1 ግራም ይመዝናል። ባለ 4 ቁጥሩ 7.8 ግራም፣ ባለ 6 ቁጥሩ 10.4 ግራም ነው። አንድ ላይ ታሽገው በሚሸጡ ርካሽ ዕቃዎች ውስጥ የሚገባው ገመድ ከዚህ ልክ ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ ሽፋኑም ቶሎ ይሰነጣጠቃል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ይህን ያድርጉ። የቡና መመዘኛ ሚዛን፣ አሥረኛ ግራም የሚለይ ከሆነ ይበቃል። ጫፉ ላይ ያለውን ቀጭን ክር ፈትተው ከገመዱ ጫፍ 9.14 ሜትር ይለኩና በእስክሪፕቶ ምልክት ያድርጉ፤ ያንን ክፍል ጠቅልለው ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡ። ቀሪው ገመድ ሚዛኑን ወደ ታች እንዳይጎትተው ከጎን መጽሐፍ ደርድረው በዚያው ከፍታ ላይ ያሳርፉት። ንባቡ ከ8.7 እስከ 9.5 ግራም ባለው ውስጥ ከሆነ ገመዱ ልኩን ጠብቋል። 7.5 ግራም ካሳየዎት ግን ዘንጉ የሚያጎብጠው ክብደት አላገኘም፤ የገመድዎ መከመር ዋናው ምክንያትም ተገኘ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘው የመጡልኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ዘንጋቸውን ሳልነካ ገመዱን ብቻ ቀይሬ በደስታ የሄዱ አሉ።

ሁለተኛው ችግር የመጋጠሚያው ነው። በዛሬ ዘመን በአብዛኞቹ ዘንጎች ላይ የላይኛው ቁራጭ ክፍት አፍ የታችኛውን ቁራጭ ጫፍ እንደ ቆብ ይለብሰዋል። የተነቀለውን የጫፍ ቁራጭ አፍ ወደ መስኮት ብርሃን አድርገው ቀስ ብለው ያዙሩት። ከአፉ ጀምሮ ወደ ላይ የሚሄድ ፀጉር የመሰለ መስመር ካዩ ተሰንጥቋል፤ ምንም ዘዴ አያድነውም፤ መቀየር አለበት። ስንጥቅ ከሌለበት ግን ሁለቱንም ጎን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ወደ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ ከሱቅ በሚገዛ ተራ ሻማ በስሱ ይቀቡት። ጧፍ አይጠቀሙ፤ የንብ ሰም ስለሚጣበቅ አቧራ ይሰበስባል፤ በኋላም ለመንቀል ያስቸግራል። ሲገጣጥሙ ቁራጮቹን በሩብ ዙር ያህል አዛብተው ያስገቡና እየገፉ ገመዱ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች በአንድ መስመር እስኪሆኑ ያዙሩ። ውኃ ላይ ሳሉም በየግማሽ ሰዓቱ በእጅዎ ያጥብቁት። ይህን አድርገውም ዘንጉን ሲያወዛውዙት መጋጠሚያው ላይ «ቋ» የሚል ነገር ከተሰማዎት መጋጠሚያው አልቋል፤ አዲስ መግዛትዎ ተገቢ ነው።

እንግዲህ ወደ ግዢው። ከ1,000 ዶላር በላይ የሚሸጡት ዘንጎች ማታለያ አይደሉም፤ ቀላል ናቸው፤ ከወረወሩ በኋላ ጫፋቸው ሳይንቀጠቀጥ ወዲያው ይረጋል፤ ብዙዎቹም እዚሁ አሜሪካ የሚሠሩ ናቸው፤ ለምሳሌ የስኮት ዘንጎች እዚያው በኮሎራዶ፣ በሞንትሮዝ ከተማ ይሠራሉ። ነገር ግን ያ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በ20 ሜትርና ከዚያ በላይ በሚወረወርበት ቦታ ነው። በዴከርስ አብዛኛው ትራውት የሚያዘው ከ10 ሜትር ባነሰ ርቀት ነው፤ ክሊር ክሪክ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመኪናዎ ርዝመት በላይ መወርወር አያስፈልግዎትም። በ1973 የመጀመሪያው የግራፋይት ፍላይ ዘንግ ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ማቴሪያሉም አሠራሩም በጣም ስለተስፋፋ ዛሬ ከ100 እስከ 250 ዶላር የሚሸጥ በደንብ የተሠራ ዘንግ ማግኘት ይቻላል። ችግሩ በዚያው ዋጋ በደንብ ያልተሠራም አብሮ መኖሩ ነው።

ሁለቱን የሚለየው ሻጩ በሚያወሳው ላይ ሳይሆን በቅርብ ሲያዩት በሚገኘው ላይ ነው። እኔ አንድ ዘንግ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የቀለበቶቹን እግር ነው። ቀለበቱ በዘንጉ ላይ የሚታሰረው በክር ተጠቅልሎ ከላዩ ኤፖክሲ የተባለ ሙጫ በመቀባት ነው። ጥንቃቄ ያለው ባለሙያ ከማሰሩ በፊት የቀለበቱን እግር ጫፍ በሞረድ ስል አድርጎ ያሳሳዋል፤ ስለዚህ ክሩ ከዘንጉ ወደ እግሩ ሲወጣ ሳይዘል ይወጣል። እግሩ ካልተሞረደ ክሩ እዚያ ላይ ትንሽ ድንኳን ሠርቶ ያልፋል፤ ከሥሩ ክፍተት ይቀራል። በዚያ ክፍተት ውኃ ይገባል፤ እግሩ ይዝጋል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ቀለበቱ ይወዛወዛል። ይህን ለማየት የስልክዎ መብራት ይበቃል። ከዚያ ቁጥሩን ይቁጠሩ፦ 9 ጫማ ርዝመት ያለው ዘንግ የጫፉን ሳይጨምር ቢያንስ ዘጠኝ ቀለበት ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ ካነሰ አምራቹ ቆጥቧል፤ ገመዱም በቀለበቶቹ መካከል እየረገበ ዘንጉን ይመታል። በመጨረሻ ትንሽ ጥጥ በትላልቆቹ ቀለበቶች ውስጥ ጎትተው ያሳልፉ፤ የጥጡ ቃጫ ተይዞ ከቀረ ቀለበቱ ስንጥቅ አለበትና ገመድዎን ይበላዋል።

መጋጠሚያውን ከላይ እንዳልኩት ይመርምሩ፤ የእያንዳንዱ ክፍት አፍ ዙሪያ በክር የተጠናከረ መሆኑንም ያረጋግጡ። ዘንጉን ገጣጥመው እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይንዎ አስጠግተው ከእጀታው ወደ ጫፉ ይመልከቱ፤ ጥቂት መጉበጥ የተለመደ ነው፤ በአንድ መጋጠሚያ ላይ ጥርት ብሎ የሚታይ መጣመም ግን የሥራ ጉድለት ነው። የእጀታው ቡሽ በዚህ ዋጋ እንከን የለሽ ሊሆን አይችልም። በጥፍርዎ ጫን ሲሉት በቡሽ አቧራና በሙጫ የተሞሉት ቀዳዳዎች ከተፈረፈሩ በአንድ ክረምት እጀታው ጉድጓድ በጉድጓድ ይሆናል፤ ካልተፈረፈሩ ግን መልኩ አያሳስብዎት። የሪል መቀመጫው አሉሚኒየም ሆኖ የማጥበቂያው ቀለበት ያለ መንገራገጭ የሚዞር ከሆነ ጥሩ ነው።

ስለ ዘንጉ ጠባይ ጠበቅ አድርጌ የምለው አንድ ነገር አለኝ። ሻጮች «ፈጣን» የሚሉትን፣ ማለትም ጫፉ ብቻ የሚጎብጥ ጠንካራ ዘንግ፣ የጥራት ምልክት አድርገው ያቀርቡታል። በርካሽ ዘንግ ላይ ፈጣን ማለት ብዙ ጊዜ ደረቅ ማለት ነው። እርስዎ የሚያጠምዱበት የሳውዝ ፕላት ክፍል ከቺዝማን ግድብ በታች ያለ ጥርት ያለ ውኃ ስለሆነ ትንንሽ ዝንብና 0.13 ሚሊሜትር ያህል የሚቀጥን የጫፍ ክር ይጠይቃል። ደረቅ ጫፍ ያለው ዘንግ ትራውቱ በድንገት ሲፈተለክ አይሰጥም፤ ክሩ ይበጠሳል። መካከለኛ ጠባይ ያለው፣ እስከ መሃሉ የሚጎብጥ ዘንግ ክሩን ይጠብቃል፤ በስድስትና በሰባት ሜትር ርቀት ላይም የገመዱን ክብደት በእጅዎ ያሰማዎታል። ሱቅ ውስጥ ያለ ገመድ ማወዛወዝ ይህን አይነግርዎትም። ሪልዎን ይዘው ይሂዱና ልኩን የጠበቀ ገመድ አስገብተው ውጭ ሣር ላይ እንዲሞክሩት ይጠይቁ፤ በሰባት ሜትር ይጀምሩ፤ ከ12 ሜትር አይለፉ። ይህን የማይፈቅድ ሱቅ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

እኔ በእጄ ካለፉት መካከል ያለ ሥጋት የምጠቁማቸው የኤኮ፣ የሬዲንግተንና የቴምፕል ፎርክ ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸውን ዘንጎች ነው፤ በተለይ የሬዲንግተን «ክላሲክ ትራውት» ለስላሳ ጠባዩ ለዴከርስ የተገባ ነው። የኦርቪስ «ክሊርዋተር»ም በሚገባ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ከ200 ዶላር በላይ ስለሚሄድ ለገመድ አይተርፍዎትም። እነዚህ ሁሉ የሚነደፉት አሜሪካ፣ የሚሠሩት በአብዛኛው እስያ ነው፤ ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ከስማቸው ይልቅ የማምናቸው ጫፉ ቢሰበር በመጠነኛ የአገልግሎት ክፍያ ሌላ የሚሰጡ በመሆናቸው ነው። ከመክፈልዎ በፊት የዋስትናውን ዘመንና የክፍያውን ልክ በጽሑፍ ያንብቡ። ትልቁ ወጪ የሚመጣው ከዚያ ነውና፦ ዘንግ በዓሣ ከሚሰበረው በመኪና በር የሚሰበረው ይበዛል፤ መለዋወጫ የሌለው የ90 ዶላር ዘንግ በሩ የዘጋበት ቀን ዋጋው ዜሮ ነው። ያገለገለ ዘንግ መግዛትም ብልህነት ነው፤ ሆኖም ብዙ ዋስትና ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ስለሚሠራ ዋጋው በዚያ ልክ መቀነስ አለበት።

ገንዘብዎን እኔ ብሆን እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ ለዘንግ ከ150 እስከ 170 ዶላር፣ ለገመድ ከ50 እስከ 60 ዶላር፣ የቀረው ለጫፍ ክርና ለዝንብ። ሪል አይግዙ። በትራውት አጠማመድ ሪል ከገመድ መያዣነት ብዙም ስለማያልፍ ያለዎት ሳይበላሽ እስከዞረ ድረስ ይበቃዎታል። ርዝመቱ 9 ጫማ፣ ቁጥሩ 5፣ ባለ አራት ቁራጭ ይሁን። ክሊር ክሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ 8 ጫማ ተኩል ባለ 4 ቁጥር እመርጥልዎት ነበር፤ ለሁለቱም ወንዝ አንድ ዘንግ ግን የመጀመሪያው ነው።

ባለ አራት ቁራጩ ለባሌም ይመቻል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 70 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ማኅደሩ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ በሰያፍ ይገባል። በባሌ ተራሮች በወብና በዳንካ ወንዞች ውስጥ ያለው ትራውት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ የመጣ ዝርያ ነው፤ ወንዞቹ ጠባብ፣ ዳርቻቸው ሣር ስለሆነ በዚሁ ዘንግ አጭር ውርወራ ይበቃል። ዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ በኮሎራዶ ወንዞች የሚቆሙበትን ጫማ ወደዚያ አይውሰዱ። እዚህ ባሉ ወንዞች የትራውት ግልገሎችን አከርካሪ የሚያጣምም ጥገኛ ተውሳክ አለ፤ የሚተላለፈውም በጭቃ ጭምር ነው። ዘንጉን፣ ሪሉንና መረቡን በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥበው፣ ገመዱን ከሪሉ ፈትተው፣ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ፀሐይ ላይ ያድርቁ፤ በጫማው ፈንታ ግን አዲስ አበባ ሲደርሱ መርካቶ ቦቲ ጫማ ይግዙ።