ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ለጀመራችሁ ልጆቼ፤

«ድንገት ሰማያዊ ሆኖ ይጠፋል» ተብሎ የሚመጣላችሁን የቤት ሚዲያ ሰርቨር (ፊልምና ፎቶ አከማችቶ ለቴሌቪዥንና ለስልክ የሚልክ ኮምፒውተር) ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ይህ ልማድ በከተማችን ሥር ሰዷል፤ ደንበኛው ተናግሮ ሳይጨርስ ፍላሽ የሚሰኩ ልጆች አያለሁ፣ ያሳዝነኛልም። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ስትጭኑ ማሽኑ ስለ ብልሽቱ የመዘገበውን ሁሉ ትደመስሳላችሁ። ጥፋቱ የራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ከሆነ ደግሞ ያው ሰማያዊ ስክሪን፣ ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚያሳየው የስሕተት ገጽ፣ ተመልሶ ይመጣል። በዚያ ላይ ውስጡ ያለው ፊልም ብቻ አይደለም፤ የሠርግ ቪዲዮ አለ፣ የክርስትና ፎቶ አለ፣ በሕይወት የሌሉ አያት ድምፅ አለ። ከምንም በፊት ይህን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ።

ባለቤቱ «ሲፈልገው ነው የሚጠፋው» ይላችኋል። እናንተ ግን በዚያ ሰዓት ማን ምን ያይ እንደነበር ጠይቁ። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ፋይሉን እንዳለ ሲያጫውት ሰርቨሩ ብዙም አይደክም። ልጅ መኝታ ቤት ሆና ያንኑ ፊልም በስልኳ ስትከፍት ግን ሰርቨሩ ቪዲዮውን ለስልኩ እንዲስማማ እዚያው እየቀየረ ሊልክ ይችላል፤ ፕሮሰሰሩ ወይም ግራፊክስ ካርዱ ሙሉ ጭነት የሚሸከመው ያኔ ነው። ፕሌክስ የተባለውን የሚዲያ ሰርቨር ፕሮግራም የሚጠቀም ቤት ከሆነ፣ ካልተቀየረ በስተቀር ፕሮግራሙ የራሱን ጥገና የሚያካሂደው ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ጠፋ ማለት ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ነበር ማለት አይደለም። ሰዓት ስታመሳክሩም ተጠንቀቁ፤ ደንበኛው ማታ 3 ሰዓት ያለው ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ማሳያ) ላይ 21 ሰዓት ወይም 9 PM ሆኖ ነው የሚገኘው።

እዚያው ኢቨንት ቪወር ላይ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ብታዩ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ዕቃ) ተበላሸ ብላችሁ አትደምድሙ። ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መነሣቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ዝርዝሩን ክፈቱና የባግቼክ ኮዱን (የሰማያዊ ስክሪኑን የስሕተት ቁጥር) እዩ። ዜሮ ከሆነ የሰማያዊ ስክሪን ኮድ አልተመዘገበም፤ መብራት ሄዶ ወይም ማሽኑ ደርቆ ሊሆን ይችላል። በእኛ ከተማ መብራት መቆራረጡን ታውቃላችሁና ይህን ሳትለዩ አንድም ዕቃ አታስገዙ።

ኮድ ካለ ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ብልሽቱ የተመዘገበባቸው ፋይሎች የሚቀመጡበትን ሚኒደምፕን ፈልጉ፣ ፋይሎቹን ገልብጡና ዊንዲቢጂ በተባለው የማይክሮሶፍት መመርመሪያ ፕሮግራም ክፈቱ። አንድ ድራይቨር (ዕቃን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ደጋግሞ ከተጠራ ከእሱ ጀምሩ። ኮዱ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ግን እኔ መጀመሪያ ራሙን ነው የምጠረጥረው። ስክሪኑ ጥቁር ቢሆንም አትደናገሩ፤ ከ2025 (በፈረንጆች) ወዲህ ዊንዶውስ 11 ላይ ቀለሙ ተቀይሯል።

ራም ምርመራ ላይ ትዕግሥት ይኑራችሁ። ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሣ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስኤምፒ የተባለው የራም ፍጥነት ማስተካከያ ከተከፈተ መጀመሪያ ዝጉት፤ ራሙን ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ስለሚያስኬደው እሱ ብቻ ችግሩ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ የራም መፈተሻ ፕሮግራሙን ሜምቴስት86ን አራቱንም ዙር እስኪጨርስ ተዉት፤ ሌሊቱን ቢወስድ ይውሰድ። አንድ ስሕተት እንኳ ካሳየ ራሞቹን በየተራ፣ አንዱን ብቻ፣ በዚያው ቀዳዳ ሰክታችሁ ድገሙ። ሁለቱም እዚያ ከወደቁ ማዘርቦርዱንም ጠርጥሩ። ራም፣ ድራይቨርና ፓወር ሰፕላይ ባንድ ቀን ቀይሮ «ተስተካከለ» የሚል ባለሙያ የትኛው እንደነበር አያውቅም፤ ደንበኛው ግን የሦስቱንም ከፍሏል።

ቤቱንም ሄዳችሁ እዩ። ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ ቡፌ ውስጥ ተዘግቶ፣ ዳንቴል ለብሶ ነው የሚገኘው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ዳንቴሉን አንሡ፣ የቡፌውን ጀርባ አስከፍቱ፣ አቧራውን አጽዱ። እናቶች ቅር ሊላቸው ይችላልና በአክብሮት አስረዱ።

ስታስረክቡ የተቀየረውን ዕቃ ለባለቤቱ ስጡት። ኮዱን፣ ቀኑንና የተቀየረውን ነገር በወረቀት ጽፋችሁ በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ በኩል ለጥፉ፤ ነገ ሌላ ባለሙያ ሲከፍተው ከዚያ ይጀምራል።